የሼህ ዘይኑ ዲናርና የእመት ሩቂያ መህር

ሲሻው አስፍቶ፣ ሲሻው ቆጥቦ ለሚሰጥ፣ በመስጠቱም በመንፈጉም ባሪያውን ለሚፈትን ጌታ ምስጋና ይገባው። የዛሬው ወጋችን ስለ አንዲት የወርቅ ዲናር ነው። ዲናሯ ከአውራ ጣት ጥፍር ብትበልጥ ጥቂት ነው፤ ያመጣችው ጣጣ ግን ብዙ ነውና ደልደል ብላችሁ ተቀመጡ።

ነገሩ የሆነው ከደጋ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴና ከባሕር የሚወጣው በሚገናኙባት አንዲት አሮጌ ከተማ ነው። ሰኞ ሰኞ ገበያዋ ከላይኛው መስጊድ ደጅ እስከ ታችኛው መስጊድ ደጅ ይሞላል። ስሟን አልነግራችሁም። የባለታሪኮቹ የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው ይነግዳሉ፤ እኔም ሰኞ ሲደርስ ገበያ መውጣቴ አይቀርም።

በዚያች ከተማ ሼህ ዘይኑ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ኪታብ የቀሩ፣ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ኑሯቸው ግን ክር፣ መርፌና አቡጀዲ በምትሸጥ ጠባብ ሱቅ ነው። ገዢ ሳይጠይቃቸው የጨርቁን ቀዳዳ ገልጠው ያሳያሉ። ቀዳዳው ከሌለ ደግሞ «እስኪ አንተም እየው፣ ዓይኔ ደክሟል» ብለው ገዢውን ያስፈትሹታል። ሰዉ «እንዲህ እየነገዱማ መቼ ሊከብሩ» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ አልከበሩም።

ሼህ ዘይኑ የማንም ዕዳ የለባቸውም፤ ከአንድ በቀር። እሱም ሲጋቡ ለሚስታቸው ሊሰጡ ቃል የገቡት ስጦታ፣ መህራቸው ነው። በወጣትነታቸው፣ ከአንዱ ዓሊም ደጅ ወደ ሌላው ለትምህርት የሚዞሩ ደረሳ ሳሉ፣ ያስተምሯቸው የነበሩትን የአንዱን ዓሊም ልጅ ወደዱ። አባትየው ልጃቸውን ጠርተው «መህርሽ ምን ይሁን?» ቢሏት፣ ሩቂያ ቀና ሳትል «ሐጅ ያድርሰኝ» አለች። ቤቱ ሳቀ። የደረሳው ሀብት አንድ ጋቢና አንድ የቀለም ቀንድ ነበራ! ዘይኑ ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው «ተቀብያለሁ» አሉ። ኒካሑ በዚሁ ታሰረ። ከተማውም «መካን ያስያዘው ደረሳ» እያለ ስንት ዘመን አሾፈባቸው።

ከዚያ በኋላ ጊዜው ነጎደ። ለሐጅ የተቀመጠውን ገንዘብ አንዴ ድርቅ በላው፣ አንዴ ሽፍታ ወሰደው፣ አንዴም የጎረቤት ቤት ተቃጥሎ ሳር ክዳን ሆነ። ልጆቻቸውን አላህ በሕፃንነታቸው ወሰዳቸው። እመት ሩቂያ መህራቸውን አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም። ብቻ በየዓመቱ ሐጃጆች ሲነሱ እስከ ከተማው ዳርቻ ይሸኟቸዋል፤ ተመልሰው ሲገቡ ያን ቀን አይናገሩም። ያን ቀን ለሼህ ዘይኑ ምግብ አይወርድላቸውም ነበር።

አንድ ዓመት እመት ሩቂያ ከሽኝት ሲመለሱ ጉልበታቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና ሳቁ። «የከርሞውን እንጃ እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ በቃሬዛ ካልሆነ መካ አልደርስም» አሉ። ቀልድ ነበር። ሼህ ዘይኑ ግን እንቅልፍ ነሳቸው። ዓመቱ ዞሮ የሐጅ ወቅት ሲቃረብ ከአያታቸው የወረሷትን፣ ዙሪያዋን ከሊማ የተጻፈባትን ጥንታዊ የወርቅ ዲናር ከተጠቀለለችበት አወጡ። አንጥረኛው መዘናትና «ወርቅነቷ ስምንት ብር ነው። የጥንት ነገር የሚወድ ሰው ካገኙ ሠላሳ ይሰጥዎታል» አላቸው። ሠላሳው ካላቸው ላይ ቢታከልም ለሁለት ሰው መንገድ አይበቃም። ቢሆንም «እኔ ያለችኝን ላውጣ፣ የጎደለውን እሱ ያውቃል» ብለው ለሰኞ ገበያ ለደላላ ሰጧት።

አሁን ወደ ሌላው ሰው እንምጣ። በከተማው ሐጂ ይማም የሚባሉ ባለጸጋ ነበሩ። የጨው፣ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ናቸው፤ መጥፎ ሰው አልነበሩም፣ ዘካቸውንም ያወጣሉ። አንድ አመል ነበረባቸው። የጥንት ገንዘብ ይሰበስባሉ። ከየአገሩ የመጣ የብር፣ የወርቅ፣ የነሐስ ገንዘብ፣ ንጉሡም መንግሥቱም የጠፋ፣ በቀይ ከፋይ በተለበጠ ሣጥን ደርድረው እንግዳ በልቶ ሲጠግብ ያሳያሉ። እንግዳው «ማሻአላህ» ካላለ ሌላ ምግብ ይቀርባል እንጂ ሣጥኑ አይዘጋም። በዚያ ሣጥን ውስጥ አንድ ባዶ ጎድጓዳ ቦታ ነበር፤ ዲናር የሚቀመጥበት።

የሼህ ዘይኑ ዲናር ለገበያ መውጣቷን ሲሰሙ ሐጂ ይማም እንደ ሙሽራ ተቁነጠነጡ። ራሳቸው ገበያ ቢወጡ «ሐጂው ፈለጓት» ተብሎ ዋጋው ጣሪያ ይነካል። ስለዚህ በቆላ ያለውን የጨው መጋዘናቸውን የሚጠብቀውን፣ ገበያው የማያውቀውን ይመርን አስጠሩና ሁለት መቶ ሃምሳ ብር አስይዘው «ያለሷ እንዳትመለስ። የማን ሰው ነህ ቢሉህ አትናገር» አሉት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በነጋው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነጋዴ ዲናሯን ሊገዛ ነው የሚል ወሬ ደረሳቸው። ልባቸው ፈራ። ይመር ልቡ ለስላሳ ነው፣ ቢሸሽስ? ቢሸነፍስ? ለይመር ሳይነግሩ የሚስታቸውን ዘመድ ኡስማንን ከሩቅ ወረዳ አስመጥተው ከበፊቱ የበለጠ ከረጢት አስያዙት። የሰጡትም ትእዛዝ ያንኑ ነው፤ «ያለሷ እንዳትመለስ፣ የማን ሰው እንደሆንክም አትናገር»።

ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። ሐጂውም በሰማይ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ላኩ፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም።

በዚያ ገበያ የከበረ ነገር በጩኸት አይሸጥም። ደላላው ክንዱ ላይ ነጠላ ይጥላል፤ ገዢ እጁን ከነጠላው ስር ያስገባና የደላላውን ጣት ይጨብጣል። ስንት ጣት፣ ስንት ጊዜ እንደጨበጠ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ደላላው ወደ ሌላው ገዢ ዞሮ ያንኑ ዋጋ በጣቱ ይነግረዋል፤ የፈለገ ይጨምራል፣ ያልፈለገ እጁን ያወጣል። ደንቡ የወጣው ያነሰ ያቀረበው እንዳያፍር፣ ብዙ ያቀረበውም እንዳይቀናበት ነው። መልካም ደንብ ነው። ሰው ግን ከመልካም ደንብ ውስጥም ገደል ፈልጎ አያጣም።

ሰኞ ዕለት ከዙህር ሰላት በኋላ ደላላው ሸምሱ ዲናሯን ከፍ አድርጎ አሳየና ነጠላውን ክንዱ ላይ ጣለ። ሼህ ዘይኑ ከአጠገቡ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የባሕር ማዶው ነጋዴ እጁን አስገብቶ እስከ ሠላሳ ደረሰና አወጣው፤ «ከዚህ በላይ ያላት ዋጋ የሰው ምኞት ነው» ብሎ ወደ ቡናው ተራ ሄደ። ይመርና ኡስማን ቀሩ። ሃምሳ ሆነ። ሰማንያ ሆነ። ሸምሱ እየዞረ ለሼህ ዘይኑ በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ መቶ ሲደርስ የሸምሱ ጢም መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሼህ ዘይኑ ብድግ አሉ። «ልጆቼ» አሉ ለሁለቱ፣ «ይቺ ወርቅነቷ ስምንት ብር ነው። አንጥረኛው ያውና፣ ጠይቁት። አውቃችሁ ነው?»

«እናውቃለን» አለ ይመር።

«እኛም ዓይን አለን አባቴ» አለ ኡስማን፣ ይመርን በጎሪጥ እያየ። ይመርም መልሶ አየው። ከዚያ በኋላ ነገሩ የዲናር መሆኑ ቀረ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው ነው፤ እዚህ ግን ሳሩም የሰው፣ ገደሉም የሰው ነበር። ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ የይመር ከረጢት አለቀና እጁን ከነጠላው አወጣ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ኡስማን አስር ጨምሮ ዲናሯን ወሰደ።

ሼህ ዘይኑ ወርቅ በብር ሲሸጥ እጅ በእጅ መሆን አለበት ብለው እዚያው አስቆጥረው ተቀበሉ። ኡስማን ሲሰናበታቸው ደስታው አፉን ከፈተው። ጎንበስ ብሎ «ለሐጂ ይማም ዱዓ ያድርጉላቸው፣ የላኩኝ እሳቸው ናቸው፤ ለሰው ግን አይንገሩብኝ» አላቸው። እሳቸውም ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ወደ ታችኛው መስጊድ ገብተው ለምስጋና ሱጁድ ወረዱ፤ ሲነሱ ምንጣፉ ረጥቦ ነበር። ያ ሁሉ ዘመን የለመኑት ነገር በአንድ ቀን ገበያ ተሰጣቸው፤ ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ያስባል?

ለእመት ሩቂያ ሲነግሯቸው እመት ሩቂያ መጀመሪያ አላመኑም፤ ቀጥሎ ለስንቅ የበሶ ገብስ መቁላት ጀመሩ። በነጋው ሐጅ የሚሄድ ሰው እንደሚያደርገው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ። ጎረቤት ሁሉ አለቀሰ፣ መረቀ፣ «በዚያ ቦታ ስሜን ጥሪልኝ» እያለ አደራ ጫነባቸው። አንዷ ለልጇ፣ አንዷ ለታመመ ባሏ፣ አንዷ ለጠፋች ጥጃዋ። እመት ሩቂያ ሁሉንም «ኢንሻአላህ» ብለው ተቀበሉ፤ ጥጃዋንም ሳይቀር።

ረቡዕ ዕለት ሼህ ዘይኑ ሱቃቸው ተቀምጠው ሳሉ ይመር መጣ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም። «አባቴ፣ እንደዚያች ያለች ሌላ ዲናር ካለዎት እግርዎ ላይ ልውደቅ» አለ። «ያለሷ እንዳትመለስ ተብዬ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ጌታዬ ዓይን ፊት መቅረብ አቅቶኝ በየበረንዳው ነው ያለሁ።»

«ጌታህ ማን ነው?» አሉት ሼህ ዘይኑ።

ይመር ግራና ቀኙን አየና «ሐጂ ይማም» አለ።

ሼህ ዘይኑ በእጃቸው የያዙትን ክር መልሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። ለይመር ውሃ ሰጡት። «ሂድ ወደ ጌታህ ግባ። ዲናሯ እሳቸው ጋ ናት፣ አይቆጡህም» አሉት። ይመር ምንም አልገባውም፤ «አይቆጡህም» የሚለውን ብቻ ይዞ ሄደ። ሼህ ዘይኑ ግን ሱቃቸውን ዘግተው ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ ብዙ ቆሙ። ሁለቱም ተጫራቾች የሐጂ ይማም ሰዎች ነበሩ፤ ሊያምኑት ግን አልፈለጉም።

በቀጥታ ወደ ከተማው ዳኛ፣ ወደ ቃዲው ሄዱ። ስም ሳይጠሩ ነገሩን አስረዱ። ቃዲው አዋቂ ሰው ነበሩ፤ አሰቡበትና እንዲህ አሉ። «ሻጩ ዋጋ ለማናር ሰው አሰማርቷል?»

«አላሰማራም።»

«ሁለቱ ተጫራቾች የመጡት ከልባቸው ሊገዙ ነው?»

«አዎ።»

«ሻጩስ የዕቃውን ልክ ደብቋል?»

«ተናግሯል።»

«እንግዲያው ሽያጩ ያለቀ ነው፣ ገንዘቡም ሐላል ነው። ሞኝነት ውል አያፈርስም» አሉ ቃዲው። ከዚያ የሼህ ዘይኑን ፊት አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሼህ ዘይኑ፣ እኔ የተጠየቅሁት ስለ ሽያጩ ነው። ስለ ልብዎ አልተጠየቅሁም።»

ሼህ ዘይኑ ቤታቸው ሲደርሱ እመት ሩቂያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው በሶውን በአቁማዳ ይሞላሉ። አዲስ ነጭ ልብስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሼህ ዘይኑ ቆመው ሁሉንም ነገሯቸው፤ ይመርንም፣ ኡስማንንም፣ ቃዲው ያሉትንም። እመት ሩቂያ እጃቸውን ከአቁማዳው አላወጡም።

«ሰዉን ሁሉ ተሰናብቼ» አሉ። «አገሩን ሁሉ አፉ በሉኝ ብዬ!»

ከዚያ ቀና ብለው አዩአቸው።

«ቃዲው ሐላል ነው አሉ?»

«ብለዋል።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ» አሉ ሼህ ዘይኑ ከአጠገባቸው እየተቀመጡ፣ «እኔማ የቃዲውን ቃል ይዤ ልዝለቅ እላለሁ፤ መንገድ ላይ ደግሞ የዚያ የይመር ፊት ይመጣብኛል። ሰውዬው በአንድ እጁ የገዛ ኪሱን ሲዘርፍ እኔ ሥሩ ቁጭ ብዬ አቆፍዳዬን ዘርግቼ ተቀበልኩ። ሩቂያ፣ ለአንቺ ያለብኝ ዕዳ ነው እንጂ ለራሴስ ቢሆን አላወላውልም ነበር።»

እመት ሩቂያ የአቁማዳውን አፍ አሰሩ። ከዚያ ልብሱን ከግድግዳው አወረዱና ያጥፉት ጀመር። «መህሬን በሰው ሞኝነት አይክፈሉኝ» አሉ። «እኔ የጠየቅሁት የዘይኑን ሐጅ ነው እንጂ የሐጂ ይማምን አይደለም።»

ሼህ ዘይኑ ዓይናቸው ሞላ። «እንግዲያው አፉ በይኝ።»

«እሱንማ አልልም» አሉ እመት ሩቂያ፣ ጨርቁን እያጠፉ። «አፉ አልልዎትም። ዕዳ ያለበት ሰው ቶሎ አይሞትም ይባላል። ይቆዩልኝ።»

ሼህ ዘይኑ ሠላሳውን ብር አስቀርተው ሁለት መቶ ሠላሳውን በከረጢት ይዘው አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሰላት ሲወጡ ሐጂ ይማም ቤት ገቡ። ሐጂው ሁሉን ከሁለቱ መልእክተኞቻቸው አፍ ሰምተዋል። ንዴቱ ጥሏቸው ራሳቸውን በሻሽ አስረው ተጋድመው ነበር። ሣጥኑ አጠገባቸው ተከፍቷል፤ ዲናሯ በጎድጓዳ ቦታዋ ገብታለች፤ ዓይናቸው ግን እሷን አያይም። ነገሩን ለማንም ላለመናገር ምለዋል። ገንዘቡ ቢቀር ይቀራል፣ የገበያ መሳቂያ መሆን ግን አይታሰብም።

ሼህ ዘይኑ ቤተሰቡ እስኪወጣ ጠብቀው ከረጢቱን አስቀመጡ። «ይህ የእርስዎ ነው» አሉ።

«የምን ገንዘብ?» አሉ ሐጂው ቀና ብለው። «ዕቃ ገዝቻለሁ፣ ከፍያለሁ። እኔ በገንዘቤ ስንት እንደምገዛ የሚቆጣጠረኝ አለ?»

«የለም። ግን ሐጂ፣ የባሕር ማዶው ነጋዴ ሠላሳ ብሎ እጁን አወጣ። ከዚያ በኋላ በዚያ ነጠላ ስር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሐጂ ይማም ሻሹን ከራሳቸው ፈቱት። «ማን ያውቃል?» አሉ ቀስ ብለው።

«አላህ፣ ከዚያም እኔና ባለቤቴ። ሁለቱ መልእክተኞች የእርስዎ ሰዎች ናቸው፣ አይናገሩም። ቃዲው ስም አልሰሙም።»

«እንዲያ ከሆነ…» ሐጂው ከረጢቱን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «ሐጅ ልትሄዱ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሀድያ ይሁንዎት። ይውሰዱት፣ በዚያው ይለቅ።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ወገኖቼ። ስጦታ ነው፣ በባለቤቱ አፍ የተሰጠ። የእመት ሩቂያ በሶ ገና አቁማዳ ውስጥ ነው፣ ሲራራው ገና አልተነሳም። እኔ ብሆን «አላህ ይስጥልኝ» ለማለት አፌ እስኪከፈት አልጠብቅም ነበር። ሼህ ዘይኑ ግን የሐጂውን ዓይን አዩ። ዓይናቸው ከከረጢቱ ላይ ሳይሆን ከሼህ ዘይኑ አፍ ላይ ነበር።

«ሐጂ» አሏቸው፣ «በሐፍረት የተወሰደ በሰይፍ እንደተወሰደ ነው ብለው መምህሮቼ አስተምረውኛል። ይህ ሀድያ የዝምታዬ ዋጋ ነው። ዝምታዬ ደግሞ አይሸጥም፤ እንዲሁ ነው የሰጠሁዎት።»

ብድግ ብለው ሲወጡ ሐጂ ይማም ደጃፉ ድረስ ተከተሏቸውና አንድ ነገር ጠየቋቸው። ሼህ ዘይኑም አንዲት ቃል መለሱላቸው። ያችን ቃል ሐጂው ራሳቸው በተናገሩባት ቦታ እነግራችኋለሁ።

ሐጃጆቹ ተነሱ፤ እመት ሩቂያና ሼህ ዘይኑ ቀሩ። ለመካ መንገድ የተዘጋጀውን በሶ እዚያው ቤታቸው በጥብጠው ጨረሱት። ሰው ምክንያቱን ቢጠይቅ «አልሆነልንም» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም፤ ቢናገሩ የሐጂው ገመና ይገለጣላ። ከተማው መቼ ያርፋል? «ተሰናብታ የቀረች» የሚል ስም ወጣላቸው። ጥጃዋ የጠፋችባት ጎረቤት ሳትቀር «እመት ሩቂያ፣ ደርሰው መጡ እንዴ?» እያለች ታላግጥ ነበር። እመት ሩቂያም «ጥጃሽን መካ ብፈልጋት አጣኋት» ብለው ያሳልፉታል። ቤታቸው ሲገቡ ግን የሚያለቅሱበት ቀን ነበር። ሼህ ዘይኑ ያዩ ነበር። ከሁሉ የከበደው የሰብር፣ የትዕግሥት ፈተና ይሄ ይመስለኛል፤ ገንዘብ መመለሱ የአንድ ቀን ነገር ነው፣ የምትወዱት ሰው በእናንተ ደግነት ሲላገጥበት እያያችሁ አፍን መያዝ ግን የየቀኑ ነው።

ዓመታት አለፉ። ሼህ ዘይኑ አንድ ክረምት ለጥቂት ቀን ታመው ወደ አኺራ ሄዱ። ዕዳ ያለበት ሰው ቶሎ አይሞትም ያሉት እመት ሩቂያ ያንን ቀን ምን እንዳሰቡ አላውቅም።

ጀናዛው መስጊዱ ደጅ ተቀመጠ። ኢማሙ ከመስገዳቸው በፊት እንደ ደንቡ ወደ ጀማዓው ዞረው «ሟቹ ላይ ዕዳ ያለው አለ?» ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ የእመት ሩቂያ ወንድም እንድሪስ ወደ ፊት ወጣ። «የእህቴ መህር አልተከፈለም» አለ። «ሐጅ ነበር መህሯ። ግን ‹ለአላህ ብዬ አፉ ብያቸዋለሁ፣ በሰላም ይሂዱ› በል ብላ ልካኛለች።»

ሰዉ «አላህ ይቀበላት» ብሎ ሊሰለፍ ሲል ከኋላ ሰልፍ «ቆዩ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሐጂ ይማም ነበሩ፤ አርጅተው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሰው እየገፉ መጥተው ከጀናዛው አጠገብ ቆሙ።

«አፉታው ይመለስላት» አሉ። «ያ ዕዳ የኔ ነው።»

ከዚያም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በልጆቻቸውና በገበያው ባላንጣዎቻቸው ፊት፣ ሁሉንም ተናገሩ። ሁለት ሰው መላካቸውን፣ ሁለቱም የሳቸው መሆናቸውን፣ ሠላሳ ብር ለምታወጣ ዲናር ሁለት መቶ ስልሳ መክፈላቸውን፣ ሼህ ዘይኑ ትርፉን ይዘው መምጣታቸውን። «እኔ ለስሜ ስል ዝም አልኩ፤ እሳቸው ለስሜ ሲሉ ዝም አሉ። ‹ተሰናብታ የቀረች› ስትሏት እኔ እሰማ ነበር። እሷ የቀረችው በኔ ነው» አሉና ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው አለቀሱ። ማንም አልሳቀም። ጥጃዋ የጠፋችባት ጎረቤት ባል አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«ያን ቀን ደጃፌ ላይ ጠየቅኋቸው» አሉ ሐጂው ዓይናቸውን ጠርገው። «‹ሼህ ዘይኑ፣ እስከ ዛሬ ስንት ጨረታ አሸንፌአለሁ፣ ይሄኛው ምን ነክቶኝ ነው?› አልኳቸው። እሳቸውም ‹ሐጂ፣ ከነፍሱ ጋር የሚጫረት ሰው፣ ቢያሸንፍም ከፋዩ እሱ ነው› አሉኝ።»

እኔም ይህን ወግ ከሰማሁ በኋላ ቃሏ አልለቀቀችኝም። ሐጂው ሁለት ሰው ላኩ ብለን እንስቅ ይሆናል፤ እኛ ግን ስንት እንልካለን? አንድ ወዳጄ ባለፈው ሰሞን አንዲት ያረጀች የብር ገንዘብ በስልክ ጨረታ ይከታተል ነበር። ነጠላው የለም፣ ደላላው የለም፣ ተፎካካሪው ፊት የለውም፤ ቁጥር ብቻ ይጨምራል። ዋጋዋ ከልኳ አልፎ ብዙ ከሄደ በኋላ «ገንዘቧን እንኳ ከተውኳት ቆየሁ፣ ያንን ሰውዬ ግን አላሳልፈውም» አለኝ። የትኛውን ሰውዬ? አይቶት አያውቅም። ሠርግ ስንደግስ፣ ቤት ስንሠራ፣ ልጅ ስናስተምር እንኳ፣ ዕቃው ልኩን ካለፈ በኋላ የምንጨምራት እያንዳንዷ ብር ለማን ነው የምትከፈለው? ሼህ ዘይኑ ሠላሳ ላይ የቆመውን እጅ አስተውለው ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የነፍስ ድርሻ ነው።

ሐጂ ይማም ሣጥናቸውን ከነከፋዩ ገበያ አውጥተው ሸጡት፤ በነጠላ ስር ሳይሆን በግልጽ፣ ዋጋውን እየተናገሩ። በገንዘቡ እመት ሩቂያና ወንድማቸው እንድሪስ ከሐጃጆች ጋር ተነሱ። በዚያ ዓመት እስከ ከተማው ዳርቻ የሸኛቸው ሰው ብዛት ገበያ የሚያስፈታ ነበር አሉ።

እንድሪስ ከመካ ሲመለስ እንዳወራው፣ እህቱ ካዕባን ባዩ ጊዜ መጀመሪያ የእሱን ክንድ ያዙ። የጎረቤቶቹን አደራ ሁሉ አንድ በአንድ አደረሱ፤ የጥጃዋንም አልረሱም። በመጨረሻ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ጌታዬ ሆይ፣ መህሬን ተቀብያለሁ፤ ዘይኑ ዕዳ የለባቸውም፣ አንተ መስክር» አሉ።